የብርድ ምሽት ዳኝነት

የሙዚቃ አፍቃሪ ትዝታውን ሲያወጋ ምርጡን ምሽት ከመጥፎው ለይቶ ያነሣል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1808 በቪየናው አን ዴር ቪን ቴአትር የታደሙት ግን ሁለቱን ባንድ ወንበር ላይ ቀመሱ። ቤትሆቨን አምስተኛና ስድስተኛ ሲምፎኒዎቹን፣ አራተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ፣ ሌላም ሌላም ደራርቦ አቀረበ፤ ዝግጅቱ በመራራ ብርድ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። ልምምዱ ጎዶሎ ነበርና በማሳረጊያው ፋንታሲያ ኦርኬስትራው ተምታታ፤ ደራሲው አስቁሞ እንደገና አስጀመረው።

እየተንቀጠቀጠ የወጣው አድማጭ «ክፉ ምሽት ነበር» ቢል ተሳስቷልን? ድርሰቶቹ ዘመን ስለ ተሻገሩ እርሱን ጆሮ ቢስ ማለት ግፍ ነው፤ የሰማው ትውልድ ያከበረውን ሲምፎኒ ሳይሆን ያልተጠናውን አጨዋወት ነውና። «ሥራው ለመጪው ትውልድ ነው» የሚለው ማመካኛ (በተውኔት መድረክም እንግዳ አይደለም) ለዚያ ምሽት ታዳሚ ያለውን ዕዳ አይፍቅም።

ይሁንና አድማጩም የብርዱን በደል በድርሰቱ ላይ ቢያላክክ ያጠፋል። ሙዚቀኛው ራይካርት በልዑል ሎብኮቪትስ የክብር ሰገነት ተቀምጦ ነበር፤ ስለ ብርዱና ስለ ዝግጅቱ ርዝመት አምርሮ ጽፏል። በዚያው ጽሑፉ ግን፣ ቤትሆቨን የኮንሰርቶውን ዝግተኛ ክፍል በፒያኖው ላይ በጥልቅ ትካዜ እንደ ዘመረው መዝግቧል።