ዝምታህን ላክልኝ

መስመር ሞተ ማለትና መስመር ዝም አለ ማለት አንድ አይደሉም። ይህን የተማርሁት ሶዶ ቴሌ ኦፕሬተር ሆኜ በተቀጠርሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሰሌዳው ላይ ከሠራች ሴት ነው። የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ እኔ ጆሮ ላይ አደረገችና «ይኼን ስሚ» አለችኝ። ምንም የለም፤ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጆሮ ይመስላል። ገመዱን ነቅላ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። «አሁንስ?» አሁንም የሚናገር ሰው የለም፤ ግን የሆነ ነገር አለ። የሽቦ ሽውታ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይሁን የሰው ትንፋሽ ያልለየሁት። «የፊተኛው ሞቷል፤ ይኼኛው ዝም ብሏል» አለችኝ። «ይኼን መለየት ካልቻልሽ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጪም።»

ተቀመጥሁበት። ያኔ ደዋዩ የስልኩን እጀታ ሲያዞር ሰሌዳው ላይ ትንሿ ክዳን ትወድቃለች፤ እኔ ገመድ ሰክቼ ማንን እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። ከቦዲቲና ከአረካ መጥቶ በረንዳው ላይ ግማሽ ቀን ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እንደሚታወቀው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «ትንሽ አሞታልና ቶሎ ና» ነው የሚባለው። ሰሚው ግን ይገባዋል፤ ዝም ይላል። ከወዲያ ያለው ደንግጦ «ሃሎ! ሃሎ! ተቋረጠ!» እያለ ይጮኻል። ያን ጊዜ መሐል ገብቼ «አልተቋረጠም፤ አሉ፤ ትንሽ ይታገሷቸው» እላለሁ። በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ የተናገርሁት ቃል ይኸው «አሉ» የሚለው ይመስለኛል።

አሁን 67 ዓመቴ ነው። ቤቴ የዳሞታ ተራራ በጓሮ በኩል የሚታይበት ሰፈር ነው፤ ሳሎን ውስጥ በ046 የሚጀምር ቁጥር ያለው የሽቦ ስልክ አለኝ። የመጨረሻ ልጄ እንደ ብዙ የወላይታ፣ የሐዲያና የከምባታ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ጆሃንስበርግ ሱቅ ይሠራል። ባለፈው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን ደውሎ፣ «እማዬ፣ ይኼን የሽቦ ስልክ መልሺውና ኢንተርኔት ላስገባልሽ። ቀፎሽ እንዳለ ይቆያል፤ ከጀርባው የምትሰካ ትንሽ ሣጥን ናት» አለኝ።

መጀመሪያ ያመነታሁት በሙያዬ ምክንያት ነው። የሽቦ ስልክ መብራት የሚያገኘው ከቤት አይደለም፤ ከማዕከሉ ባትሪ 48 ቮልት በዚያው ቀጭን መዳብ ላይ ይመጣለታል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲጨልም እሱ ይሠራል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ፣ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ልጄ ያገኘኝ በዚሁ ስልክ ነው። በ2004 የወጣውን የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅም አልረሳሁትም። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት ወንጀል ሆኖ ሲደነገግ ሰው ሁሉ ከልጁ ጋር ማውራቱንም ፈርቶ ነበር፤ ኋላ ነው የታለመው ጥሪ የሚነግደው እንጂ ከዘመዱ ጋር የሚያወራው አይደለም መባሉ። ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ የሽቦውን አትመልሺ፤ ሣጥኗን ግን ለአንድ ወር ሞክሪያት» አለኝ። የወንድሜ ልጅ የዚህ ሙያ ነውና መጥቶ ተከለልኝ።

ያ ወር ጥሩ ወር ነበር። በሽቦው በኩል ከደቡብ አፍሪካ መደወል ውድ ስለሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያወራነው እየተሯሯጥን ነው፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ገንዘቡ ደረሰ፣ ደረሰ፣ በቃ ቻው። አሁን ማታ ሱቁን ዘግቶ ይደውልና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እራቱን ይሠራል። እኔም ቀፎውን ትከሻዬ ላይ ይዤ ቦሎቄ እፈለፍላለሁ። አርባ ደቂቃ ተገናኝተን አሥር ቃል ላንነጋገር እንችላለን። ልጅ እያለ ምድጃው አጠገብ የቤት ሥራውን ሲሠራ እንደነበረው ነው። እናት ከልጇ ጋር ዝም ብላ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚርባት፣ ያልራባት አታውቀውም።

ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ይከነክነው ጀመር። ቢላው ሲያርፍ፣ ቃል ሲያልቅ የሚመጣው ሽውታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አያነሣም፣ አይጥልም። ለወንድሜ ልጅ «ይኼ ዝምታ ትንፋሽ የለውም» አልሁት። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። «አክስቴ፣ ይኼን እንዴት ሰማሽው?» አለና እውነቱን ነገረኝ።

በኢንተርኔት የሚሄድ ድምፅ ይከተፋል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ክታፊ 20 ሚሊሴኮንድ ነው፣ በሴኮንድ ሃምሳ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚያዳምጥ፣ ከእያንዳንዱ ወገን ግማሹ ጊዜ ዝምታ ነው። ታዲያ ዳታ ለመቆጠብ መሣሪያው ድምፅ የሌለበትን ክታፊ አይልከውም። እንዲያ ሲሆን ግን በወዲያኛው ጆሮ ፍጹም ባዶነት ይመጣል፤ ሰውም ተቋረጠ ብሎ «ሃሎ ሃሎ» ይላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ መላ ፈጠሩ፤ ተቀባዩ መሣሪያ ራሱ ሽውታ ያመርታል። ለስላሳ፣ የሚያረጋጋ ሽውታ። ሰውየው መስመሩ እንዳለ እንዲሰማው።

እንግዲህ እነዚያን ማታዎች አብሬ የተቀመጥሁት ከልጄ ዝምታ ጋር አልነበረም። ሳሎኔ ውስጥ ያለች ሣጥን ከምትፈጥረው ሽውታ ጋር ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ዕቃን ይመለከታል ወይ? ሣጥኗ «አለ» እያለች ትመሰክራለች፤ እንደ እኔ ሰምታ ግን አይደለም።

ስልክ ወደ አገራችን ሲገባ በምኒልክ ዘመን ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ ይባላል። በትምህርት ቤት ይህ ሲነገር ሁላችንም እንስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ሥጋ የሌለው ድምፅ የማን ነው ብሎ መጠየቅ የዋህነት አይደለም። ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘርግቶ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ሰው ሲናገር፣ ያ ድምፅ በእውነት ከሰው መምጣቱን የሚያረጋግጠው ምን ነበር? እኔ የምኖርበት ጥያቄም ይኸው ነው።

ለእኔ ደግሞ ጥያቄው ከስልክ ያልፋል፤ ምክንያቱም ዕድሜዬን ሙሉ ወደማይመልስልኝ ስጸልይ የኖርሁ ሴት ነኝ። ማለቴ በጆሮ በሚሰማ ድምፅ ወደማይመልስልኝ። ያደግሁባት ቤተ ክርስቲያን ስሟ ራሱ ቃለ ሕይወት ነው፤ እኛ የቃል ሰዎች ነን፣ መዝሙራችንም ስብከታችንም ብዙ ነው። ስለ እግዚአብሔር ዝምታ ግን እምብዛም አልተማርንም። ባሌ ሲታመም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጸለይሁ። የሰማሁት ዝምታ ነው። ያኔ የጠየቅሁት የድሮውን የሥራ ጥያቄዬን ነበር፤ ይህ መስመር ሞቷል ወይስ ዝም ብሏል?

ሊያጽናኑኝ የመጡት ሰዎች ይህን ጥያቄ እንድጠይቅ ጊዜ አልሰጡኝም። ገና ቁጭ ሳይሉ «ፈቃዱ ነው»፣ «ለበጎ ነው»፣ «እሱ ያውቃል» ይሉኛል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ዝምታው ስላስፈራቸው ነው። ግን ያ ቃል ከወዲያ አልመጣም፤ እዚሁ ሳሎን የተመረተ ሽውታ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኔው ራሴ ልጇን በድንገት ያጣች ጎረቤቴ ፊቴ ላይ ትክ ብላ «ለምን?» ብላ ስትጠይቀኝ ያንኑ ቃል አፌ ላይ አመጣሁ። ዓይኗ ሲዘጋ አየሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከሠሩት ሁሉ ያማረው ያ ነው። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ታዲያ እኔ በሰሌዳው ላይ «አሉ» ስል የነበረውስ ከሣጥኗ በምን ይለያል? ብዙ አሰብሁበት። የሚለየው እኔ ዝምታውን ሰምቼ መናገሬ ነው። የዚያን ሰው ትንፋሽ በጆሮዬ ይዤ ነበር። ቦታውን አልወሰድሁበትም፣ ስለ እሱም አላወራሁለትም፤ እንዲጠበቅ ብቻ አደረግሁ። ካህኑ ዔሊም ለብላቴናው ለሳሙኤል ያደረገው ይህንኑ ነው። ልጁ በሌሊት ሦስት ጊዜ እየሮጠ ሲመጣበት፣ ዔሊ የእግዚአብሔርን ድምፅ አስመስሎ አልተናገረውም። ተመልሶ እንዲተኛና ጆሮውን ከፍቶ እንዲጠብቅ ነገረው። ከዔሊ የተሻለ ኦፕሬተር በመጽሐፉ ውስጥ አላውቅም።

እኛ የወላይታ ሰዎች ደግሞ የዚህ ምስክር በአያቶቻችን አለን። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥራ የጀመሩት ሚሲዮናውያን ወደዚህ የመጡት በ1920 ነው። በ1929 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ነበሩ። ከዚያ በኋላ የነበሩት የጣሊያን ዓመታት ለሄዱት ዝምታ ነበሩ፤ እነዚያ ጥቂቶች በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳ በእርግጥ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነው። አያቴ በዚያ ዘመን ለጸሎት የሚሰበሰቡት በሌሊት፣ በሹክሹክታ እንደነበር ትነግረን ነበር። ከሩቅ ላለ ጆሮ የሞተ የመሰለው መስመር በውስጡ ይህን ሁሉ ትንፋሽ ይዞ ነበር።

እዚህ ላይ ደርሼ ሣጥኗን ነቅዬ ወደ መዳቤ ልመለስ ነበር። ያልተመለስሁት ሐቁ ስለከለከለኝ ነው። መዳቡም ቢሆን እኔ እንደማስበው ንጹሕ አይደለም። የልጄ ድምፅ በዚያ ሽቦ ላይ ሲመጣ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ3400 በላይ ያለው ተቆርጦ ቀርቷል። ሽቦው ማዕከሉ ጋ ሲደርስም ድምፁ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። የማምነው ሽቦ ከቤቴ እስከ ማዕከሉ ያለው ጥቂት መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። በዚያ እውነተኛ ዝምታ በነበረበት ሽቦ ላይ ዝም ለማለት አቅም የነበረው ማን ነው? ከአረካ የመጣው ገበሬ የሚናገረውን በረንዳው ላይ ሲያጠና ይውላል። ገብቶ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ?» የምለው እኔ ነበርሁ። ብር ካልጨመረ ገመዱን የምነቅለውም እኔ ነበርሁ። የዝምታ ጠባቂ ነበርሁ ብዬ ስመካ፣ ለዝምታ የተተመነው ዋጋ በእጄ ይሰበሰብ እንደነበር ረስቼ ነበር። ልጄም አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብሎኝ የማያውቀው ስለማይችል ነው። ዝም ያለኝ ይህች ሣጥን ከገባች ወዲህ ነው። አብሮ የመቀመጡን ጊዜ የሰጠችኝ እሷ ነች፤ በመቀመጣችን ውስጥ የነበረውን ትንፋሽ የወሰደችብኝም እሷው።

እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ማግስት የወንድሜን ልጅ ጠርቼ ይህን ዝምታ መቁረጥ ማስቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ይቻላል» አለ፤ «ግን ከአንቺ ዘንድ አይደለም። ዝምታውን የሚቆርጠው የላኪው መሣሪያ ነው። እሱ በሱ በኩል ማጥፋት አለበት።» ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ነገሩ በእኔ እጅ ባለመሆኑ ደስ አለኝ፤ ልለምነው ነው።

ማታ ሲደውል፣ «ልጄ፣ ዝምታህን ላክልኝ» አልሁት። ያረጀሁ መስሎት ደነገጠ። የአጎቱ ልጅ ቀፎውን ተቀብሎ አስረዳው።

«እማዬ፣ እንደዚያ ካደረግሁት ዳታ ይበላል» አለኝ።

«ይብላ» አልሁት።

የሽቦውን ስልክ አልመለስሁም፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሌላ ቀፎ ሰክቼበት መኝታ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ሳሎን ያለው ጥቁሩ ቀፎ በሣጥኗ በኩል ሆኗል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ልጄ ሱቁን ዘግቶ ደወለ። በወላይትኛ «ሳሮ» ተባባልን። ደክሞት ነበር፤ ጥቂት አወራንና ዝም አለ። ከጀርባው ማቀዝቀዣ ይንጎራጎራል። መኪና አለፈ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አንድ ነገር ሲያስብ በአፍንጫው የሚያወጣት ረጅም ትንፋሽ አለችው፤ እሷ መጣች። ቦሎቄውን ጭኔ ላይ እንደያዝሁ እጄን ከመፈልፈል አቆምሁ። የወንድሜ ልጅ ከማዶ ሆኖ ቡናውን እየጠጣ ሲያየኝ ቆይቶ፣

«ተቋረጠ እንዴ አክስቴ?» አለኝ።

«አለ» አልሁት።