ያገገመ ሰው ሌላውን ሊመራ ይችላልን?

በአገራችን ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይገባል፤ ለቀስተኛው ከሐዘንተኛው ጎን ተቀምጦ ያመሻል። በአንድ ቤት ውስጥ ልጅ አእምሮውን ሲታመም ግን ምን ማድረግ እንደሚገባን የተስማማንበት ሥርዓት የለንም። ቤተሰቡ ነገሩን ይሸሽጋል፤ እኛም እንዳላወቅን ሆነን በደጁ እናልፋለን። ልጁ ተሽሎት ሲመለስ ደግሞ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» እንለዋለን እንጂ የማኅበሩን ገንዘብ እንዲይዝ ወይም ልጆቻችንን እንዲያስጠና አደራ አንሰጠውም።

ይህ ልማዳችን በምናውቀው አንድ ቁምስና ለፈተና ቀርቦ ነበር። በአእምሮ ሕመም ያለፉና በማገገም ላይ ያሉ ሰባት ምእመናን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቁምስናው አዳራሽ እየተሰበሰቡ እርስ በርስ ለመረዳዳት፣ በየቤቱ ተደብቀው የቀሩትንም ለመጎብኘት ፈቃድ ጠየቁ። የቁምስናው ምክር ቤት ሐሳቡን በደስታ ተቀበለ፤ ነገር ግን አንድ «ጤነኛ» ሰው ዘወትር አብሯቸው እንዲቀመጥና የአዳራሹም ቁልፍ በእርሱ እጅ እንዲሆን ወሰነ። እኛም በዚያ ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው ውሳኔውን ከደገፉት መካከል ነበርን። ሰባቱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ በትሕትና አመስግነው፣ እንዲህ ከሆነ አዳራሹን እንደማይፈልጉት ገለጹ።

በዚያን ጊዜ እንደ ትዕቢት ቆጥረንባቸው ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ተረዳን። ጠባቂ በተቀመጠበት ስፍራ ሰው ጤነኛ ለመምሰል ይደክማል እንጂ እውነቱን አይናገርም። ትናንት ሌሊት የማይታይ ሰው ድምፅ ዳግመኛ የሰማ ሰው፣ ወሬው ለአሠሪው ወይም ለእጮኛው ቤተሰብ ይደርስብኛል ብሎ ከሠጋ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ሕመሙን ያባብስበታል።

የእነዚህ ቡድኖች ጥቅም የሚታየው በዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ክሎርፕሮማዚን እንቅልፍ እንደሚያበዛና አፍን እንደሚያደርቅ፣ ሃሎፔሪዶል ጡንቻን ሊያገትርና እጅን ሊያንቀጠቅጥ እንደሚችል ያውቃል፤ ለታማሚውም ይነግረዋል። በማለዳ ከአልጋ ለመነሣት የሚደረገውን ትግል፣ «ሰነፍ» እየተባሉም መድኃኒቱን መዋጥ ምን እንደሚመስል ግን የሚያውቀው የዋጠው ሰው ነው። እርሱ «አትተወው፤ ሐኪሙ መጠኑን እንዲያይልህ አብሬህ ልሂድ» ሲል ምክሩ ከሐኪሙ ምክር የተለየ አይደለም፤ የሚሰማበት ጆሮ ግን ሌላ ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ይህን ተምረን ነበር። መቅድምና ተስፋ ጎሕን የመሳሰሉ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በአደባባይ ቆመው ሲናገሩ ብዙዎቻችን ከማናቸውም ትምህርት ይልቅ ከእነርሱ ሰማን።

በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር የበለጠ ምስክር አናገኝም። እ.ኤ.አ. በ1495 በፖርቱጋል የተወለደው ይህ ሰው እረኛ፣ ወታደር፣ በኋላም በስፔን አገር በግራናዳ ከተማ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። በ1530ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የዮሐንስ ዘአቪላን ስብከት ሰምቶ ፀጉሩን እየነጨ በየጎዳናው በመጮኹ እንደ እብድ ተቆጥሮ በከተማዋ ንጉሣዊ ሆስፒታል ገባ፤ በዘመኑ ሕክምና ይባል የነበረውን መታሰርና መገረፍም ተቀበለ። (ሁኔታው ሕመም ነበር ወይስ የጸጸት ብዛት? ጸሐፊዎች ሁለቱንም ይላሉ፤ ለገራፊዎቹ ግን ልዩነት አልነበረውም።) ሌሎች ሕሙማን ሲገረፉ ማየቱ፣ እነርሱን እንደ ልቡ የሚያገለግልበት ቤት እንዲመኝ አደረገው፤ ከወጣም በኋላ በዚያችው ከተማ ለድሆችና ለሕሙማን ቤት ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1550 ዐረፈ፤ ከእርሱ የተነሣው ማኅበር ዛሬም በብዙ አገሮች የአእምሮ ሕሙማንን ያገለግላል። የግራናዳ ሰዎች «ይህ ሰው ትናንት እብድ ነበር» እያሉ የቤቱን ቁልፍ ለሌላ ሰጥተው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ይህን ስንል ሕመም በራሱ ጥበብን ይሰጣል ማለታችን አይደለም። ታሞ የዳነ ሁሉ የሰው ምሥጢር መጠበቅ አይችልም፤ ሥልጠና ያስፈልገዋል። ነፍሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲያጋጥምም ጉዳዩ በቡድኑ ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ሳይሆን ሳይውል ሳያድር ለሕክምና የሚቀርብ ነው። «ከመሪዎቹ አንዱ ዳግመኛ ቢታመምስ?» የሚሉን አሉ። ካህንም ይታመማል፣ መምህርም ይታመማል፤ ተራውን ለሌላው ይሰጣል፣ ሲሻለውም ይመለሳል።

በሶዶ ወረዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናትም እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሁሉ ከጤና ጣቢያ ሕክምና እያገኙ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በየቤታቸው ይጎበኙ ነበር፤ ከ12 ወራት በኋላ የተጎበኙት የዕለት ኑሮአቸውን በመምራት ረገድ ተሽለው ተገኙ። ጎብኚዎቹ በሕመሙ ያለፉ በመሆናቸው የተመረጡ አልነበሩም፤ ሐኪሞችም አልነበሩም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላው ጥያቄ ነው። ያገገመ ሰው ሌላውን የመርዳት ዕዳ አለበትን? አንድ ሰው ሲሻለው ወዲያው በጉባኤ ፊት አቁመን ምስክርነት እንዲሰጥ የመጠየቅ ልማድ አለን፤ ይህም በሌላ መንገድ በሕመሙ ስም ማሰር ነው። ከሰባቱ መካከል አንዲት እኅታችን ከጥቂት ወራት በኋላ «እኔ ሽንኩርቴን ሸጬ፣ እንደ ማንኛውም ሰው መርሳት እፈልጋለሁ» ብላ ተሰናበተች። ቅር የተሰኙ ነበሩ፤ እኛ ግን መብቷ ነው እንላለን። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ አቻ ለአቻ ድጋፍ ባወጣው መመሪያ ተሳትፎው በፈቃደኝነት ላይ ብቻ እንዲመሠረት ይመክራል። ካቴኪስቶች ወንድሞችና እኅቶች፣ የተደበቀ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ብዙ ጊዜ ከሌላው ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ከቡድኑ ጋር ስታገናኙ አስቀድማችሁ የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ጠይቁ።

ምክር ቤቱ ከረጅም ክርክር በኋላ በሁለተኛው ስብሰባ ውሳኔውን ለውጦ ቁልፉን ሰጣቸው። ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት እናት ለዓመታት በጓዳ የደበቀችውን ልጅዋን በነጠላ ሸፍና ወደ ግቢው ገባች። ወደ ቆሞሱ ቢሮ አልሄደችም፤ ወደ እኛም አልመጣችም። በር ላይ ቆማ «ቁልፉ ያለው ሰውዬ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች።