የማይፈራልኝ ፈረስ

«ትራገጣለች?»

«አትራገጥም።»

«ትደነብራለች?»

«አትደነብርም።»

«እምቢስ ትላለች?»

«ኧረ በፍጹም! ወዳዘዝኳት ትሄዳለች።»

ዓርብ ነው፤ የአሊዩ አምባ ገበያ ቀን። ጠያቂዬ ከአንኮበር ገብስ ጭኖ የወረደ ባለ በቅሎ ነው። የሚጠይቀኝ ግን ስለ በቅሎ አይደለም፤ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ጭኖ ስላመጣው የውድድር ሞተር ሳይክል ነው። በቅሎ ገዢ የሚጠይቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ የቀረው ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ማየት ብቻ ነበር። በመጨረሻው መልሴ እኔ ኮራሁ። እሱ የጭነቱን ገመድ እያጠበቀ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «እንግዲያው ተጠንቀቃት» አለኝ።

ነገሩን ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት።

ሞተሩ ለመንገድ የተሠራ አይደለም። መብራት የለው፣ መስታወት የለው፣ ክላክስ የለው። ስንት እንደሚሮጥ የሚነግር ቆጣሪ እንኳ የለውም። 250 ሲሲ ነው፤ ክብደቱ ከ100 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ኮርቻው ከመሬት 95 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ተቀምጬ መሬት የምነካው በጣቶቼ ጫፍ ነው። የፊት ጎማው ድንጋይ እንዲወጣ 21 ኢንች ተደርጓል፤ ሞላው ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጥና ይመለሳል። ዘይቱ የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ተቆጥሮ ነው። ሳይቆጥብ ሊሠራ የተፈጠረ ነገር ዕድሜውም አጭር ነው።

ከከተማው በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረድን። ጓደኛዬ ምክሩን አሳጠረው፦ «አትቀመጥ፤ መርገጫው ላይ ቁም። በጉልበትህ ያዘው። እጅህን አላላ። ዓይንህ የሚያየው ጎማውን ሳይሆን ሩቁን ይሁን።» ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፤ ነዳጅ ሰጠሁት።

ከዚያ በፊት የነዳሁት ሞተር የወረዳ ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር የሚዞሩበትን ዓይነት ነው። በእሱ ላይ እያንዳንዱ ድንጋይ በወገቤ በኩል ስሙን እየነገረኝ ነበር የሚያልፈው። አሁን ድንጋዩ ሁሉ አለ፤ ዓይኔ ያየዋል፤ ነገር ግን ወደ እኔ የሚደርስ የለም። ጎማው ከእግሬ ሥር ይዘላል፣ ይሰምጣል፣ ይነሣል፤ እኔ ከላይ እንዳለሁ አለሁ። ወንዙ ዝም አለ። የመጀመሪያ ስሜቴን በአንድ ቃል ተናገር ብባል፣ ፍጥነት አልልም፤ ዝምታ እላለሁ።

ደስታ ነበር። ግን ዝም ያለው ምንድን ነው? መንገዱ ያማርረኝ የነበረው ማማረር ብቻ ነበር ወይስ ወሬም ነበረበት? ወገቤን የሚመታው ድንጋይ «ቀስ በል» እያለኝ ነበር። ሞላው ሥቃዩን ሲያስቀርልኝ መልእክቱንም አብሮ አስቀረው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። ተረቱ ድርሻ ያከፋፍላል፤ ማድረስ የፈረሱ፣ መዋጋት የሰውዬው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ድርሻ ሳይቆጥር አልፏል። ፈረስ የሚያደርስ ብቻ አይደለም፤ ይፈራልም። በቅሎማ ከሁሉ የበለጠች ፈሪ ናት። የላላ አፈር ከመርገጧ በፊት ታሸታለች፤ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ካልጣማት እምቢ ትላለች፤ በአለንጋም አትንቀሳቀስም። ግትር የምንላት ለዚህ ነው። ግትርነቷ ግን የተቀመጠባትንም ሰው ሕይወት የሚጠብቅ ነው።

ቋንቋችን ለዚህ የሚሆን ፊደል አለው። «ፈራ» እና «ፈራልኝ» አንድ አይደሉም። በላልኝ፣ ሄደልኝ፣ ዳኘልኝ እንደምንለው፣ ሌላው ለእኔ ብሎ ወይም በእኔ ፈንታ ሲሠራ «ል» ትገባለች። ፍርሃትም እንዲህ በውክልና የሚሠራ ሥራ ነው። በቅሎዋ ገደል አፋፍ ላይ ስትቆም እኔ ላይዋ ላይ ተቀምጬ ከጓደኛዬ ጋር አወራለሁ፤ እሷ ትፈራልኛለች። ሞተሩስ? እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመኖቹ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ የመጀመሪያውን ባለ ቤንዚን ሞተር ሳይክል ሲሠሩ ስሙን «የመጋለቢያ ሠረገላ» አሉት፤ ኮርቻም ጫኑበት። በመጀመሪያ ጉዞው የሞተሩ ግለት ኮርቻውን አቃጠለው ይባላል። ከፈረስ የወሰዱት ኮርቻውን ነው፤ ፍርሃቱን አልወሰዱም።

አሊዩ አምባ ይህን ለማሰብ የተመቸ ቦታ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የተነሣ የሲራራ ነጋዴ በረሃውን በግመል ያቋርጥና ፋሪ ላይ ጭነቱን ያራግፍ ነበር። ከዚያ ሽቅብ የአንኮበር ዳገት ነው፤ ሥራውም የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በዚህ በኩል ወጣ፤ በ1842 ቻርለስ ጆንስተን የተባለ የመርከብ ሐኪም እዚሁ አሊዩ አምባ ተቀመጠ። በ1887 ደግሞ ገጣሚው አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ ወደ አንኮበር ወጣ። ሁሉም እዚህ የደረሱት በራሳቸው ድፍረት ብቻ አልነበረም። ከፊታቸው መንገዱን የሚያውቅ የሲራራ መሪ ነበር፤ ውኃው የት እንደሚደርቅ፣ ጠላት የት እንደሚያደባ የሚፈራላቸው። ግመሏም ብትሆን ለአሸዋ የተፈጠረ እግሯ ዳገቱ ሥር ሲደርስ «ከዚህ ወዲያ የእኔ አይደለም» ይላል። የድሮ መንገድ እምቢ በሚሉ ፍጥረታት የተሞላ ነበር።

የእኔ ሞተር እምቢ አይልም። ይህን ያወቅኩት በሦስተኛው ዙር ነው። ወንዙ አንድ ቦታ ላይ ጎርፍ ቆርሶት የሰው ቁመት የሚያህል ደረጃ ሠርቷል። ከሩቅ ሲታይ አሸዋው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። በቅሎ ብትሆን ሃያ ክንድ ሲቀራት ጆሮዋን ታቆም ነበር። ሞተሩ ግን እጄ የጠየቀውን ነዳጅ እየጨመረ ቀጥ ብሎ ሄደ። ደረጃውን ሳየው ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨበጥኩ፤ በልል ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን አንቆ መያዝ ማለት ጎማውን ማሰር ማለት ነው። ወደቅኩ። ከአፋፉ የቀረን አንድ እርምጃ ነበር። ቀና ስል ሞተሩ በጎኑ ተጋድሞ፣ የኋላ ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል። ወድቆም ይሮጣል። መውደቁን አልሰማም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። ፍርሃትን ማወደስ ምን ይሉታል? «ፈሪ ለእናቱ» የሚባለው ለስድብ አይደለም ወይ? ደግሞስ እሽቅድምድም ራሱ ፍርሃትን የማሸነፍ ጥበብ አይደለም?

ተወዳዳሪዎቹ የሚያደርጉትን ስናይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሞቶክሮስ ተወዳዳሪ ከውድድሩ በፊት ሜዳውን በእግሩ ይዞረዋል፤ ጉብታውን በጫማው ይረግጣል። ቲዬሪ ሳቢን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1977 በሞተር ሳይክል ሲወዳደር በሊቢያ በረሃ ጠፍቶ ከሞት ተርፎ፣ በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ዳካር ይደርስ የነበረውን ታላቅ ውድድር አስጀመረ። በዚህ ውድድር ተሳታፊው በሚይዘው የመንገድ መምሪያ ላይ አደገኛ ቦታ በቃለ አጋኖ ይጠቆማል፤ አደጋው በከፋ ቁጥር ምልክቱ እስከ ሦስት ይደረደራል። ቃለ አጋኖው ምንድን ነው? ቀድሞ ያለፈ ሰው ፍርሃቱን በመምሪያው ላይ ትቶለት ሄዶ ነው። ሞተሩ የማይሠራውን የበቅሎዋን ሥራ ሰዎች በእግርና በቀለም ሠሩት። ደፋሮቹ ፍርሃትን አልጣሉትም፤ ከእንስሳው ሲቀር ማን እንደሚሸከመው ወሰኑ እንጂ።

እንግዲህ የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ትምህርት ለእኔ ይህ ነው። አቅም ይሰጥሃል፤ ፍርድ አይሰጥህም። አቅምና ፍርድ አንድ ቆዳ ውስጥ አብረው ሲኖሩ፣ በበቅሎዋ ውስጥ እንዳሉት፣ ሁለት መሆናቸውን ልብ አንልም። ሲለያዩ ግን የጎደለው ወዲያው ይታያል። በቅሎ አባቷን ብትጠየቅ ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ ይህ ሞተር ቢጠየቅ ፈረስን አያት ቢያደርግ አይደንቀኝም። ከአያቱ ያልወረሰውን ግን የምሞላለት እኔ ነኝ።

አመሻሽ ላይ ባለ በቅሎው ገበያውን ጨርሶ ወደ አንኮበር ሲመለስ አየሁት። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ በቅሎዋ ቆመች። አልመታትም። ሉጓሟን ለቅቆ ወደ ፊት ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ መንገዱን አየ፣ የተናደ ድንጋይ በእግሩ ገፋ፣ ተመለሰ። ከዚያ ሄዱ።

እኔም ለመጨረሻ ዙር ወደ ወንዙ ወረድኩ። ያ የተቆረሰው ቦታ ሲቃረብ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ወረድኩና በእግሬ እስከ አፋፉ ሄጄ ቁልቁል አየሁ። ሞተሩ ከኋላዬ ግለቱን እየተፋ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፈራሁለት።