ብርቅ ወርቅ ስለ መሰብሰብ

ከደብረ ታቦር ተማሪዎች አንዱ የአያቱን የአንገት ማርትሬዛ በመሐረብ ቋጥሮ ወደ እኔ መጣና፦ «መምህር ሆይ፥ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ይህን ሊገዛኝ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ሰው ዐዋቂ ነውን፥ ወይስ ገንዘብ ወዳድ?» ብሎ ጠየቀኝ።

በማርትሬዛው ላይ 1780 የሚል ዓመት ስላለ ልጁ እጅግ የጥንት መስሎት ነበር። ነገር ግን ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ በልዩ ልዩ አገር የታተመው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷልና፥ ቍጥሩ ዕድሜውን አይመሰክርም። አባቶቻችን ይልቅ በዘውዷና በትከሻዋ ያለውን ፈርጥ ቈጥረው የጐደለውን አንቀበልም ይሉ ነበር። ብዙ ስለ ታተመም በሰብሳቢዎች ዘንድ እምብዛም ብርቅ አይደለም።

ብርቅ የሚባለው እንደ ፈረንሳይ ነገሥታት ወርቅ ያለው ነው። ሉዊ ዶር የተባለው ወርቅ መጀመሪያ የታተመው በንጉሥ ሉዊ 13ኛ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1640 ነው። ልጁ ሉዊ 14ኛ ለጦርነት ገንዘብ ባጠረው ጊዜ አሮጌውን ወርቅ እያስመለሰ በላዩ አዲስ ማኅተም ያስመታ፥ ዋጋውንም ከፍ ያደርግ ነበር፤ ስለዚህ ያልተነካው ጥቂት ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2019 በምዕራብ ፈረንሳይ፥ ፕሎዜቬ በምትባል መንደር፥ ሦስት ግንበኞች አሮጌ ቤት ሲያድሱ የእነዚሁ ነገሥታት 239 ወርቅ ተሰውሮ አገኙ። ከጥቂቱ በቀር በ2021 በጨረታ ተሽጦ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፥ አልሁት፤ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ወርቅ የነበረው ሰው ይህን ወሬ በሰማ ጊዜ ልቡ ምን አለ? የነገሥታቱን ታሪክ፥ የአንጥረኛውንም ጥበብ የወደደ እንደ ሆነ፥ የሚመረምረው ስለ በዛለት ደስ ይለዋል። ያዘነ እንደ ሆነ ግን የወደደው ወርቁን አልነበረም፤ የወደደው የባልንጀራውን ማጣት ነው። በትግራይ አንድ ገበሬ ሲያርስ፥ ንጉሥ ኢዛና የጨረቃውን ምልክት ትቶ መስቀል ያሳተመበትን ወርቅ ማድጋ ሙሉ ቢያወጣ፥ ዐዋቂው እልል ይላል፤ ሌላው ግን የራሱ ወርቅ ስለ ረከሰበት ይተክዛል። ሁለቱም አስቀድሞ በአንድ ሣጥን ፊት፥ በአንድ መነጽር ሲመለከቱ ብታያቸው አትለያቸውም ነበር።

በሌላው ብቻ አልፈርድም። እኔም በሣጥኔ ውስጥ አንድ የዳግማዊ ምኒልክ አላድ አለኝ። የእርሳቸው ብር መጀመሪያ በፓሪስ እንደ ታተመ ለተማሪዎች ስነግር ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ወዳጄ ከእኔው የጠራ አላድ ከኪሱ አውጥቶ ባሳየኝ ቀን ግን ምስጋናው ከአፌ በግድ ወጣ፤ ማታም የእኔውን አውጥቼ ለማየት አልወደድሁም። ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ልጁ ይህን ሰምቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም ማርትሬዛውን እንደገና በመሐረቡ እየቋጠረ፦ «መምህር ሆይ፥ እንዳመጣሁት አያቴ አያውቁም» አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አብሬው ወደ ቤታቸው ወጣሁ።