ሐኪምም ተመራማሪም ልሁን ላልሽኝ

ልጄ፣

ይህን ሐሳብሽን ለሰው ስትነግሪ መጀመሪያ የምትሰሚውን መልስ ከወዲሁ አውቀዋለሁ፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉሻል። ክፉ አስበውልሽ አይደለም፤ አንዱንም በቅጡ ሳትይዢው እንዳትቀሪ ፈርተውልሽ ነው። እኔ ይቻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። የሚቻለው ግን ሁለቱን ሙያዎች ለምን እንደፈለግሻቸው ለይተሽ ስታውቂ ነው።

ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ፤ ከሕመምተኛ ብርቅ ምን ይጎድልብኛል? ምንም የማይጎድልብሽ ከሆነ ለምርምር ብለሽ ሐኪም መሆን አያስፈልግሽም። አክሊሉ ለማ ሐኪም አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1964 (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አሳዩ። በሌላ በኩል ምርምሩን የፈለግሽው ለማዕረጉ ወይም ለውጭ ጉዞው ከሆነ ተዪውና ጎበዝ ስፔሻሊስት ሁኚ። አገሩ እሱንም ገና አልጠገበም።

ሁለቱም ሙያ ባንድ ሰው ውስጥ የሚያስፈልገው ጥያቄው ከሕመምተኛው አልጋ ሲነሣ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የሚባሉ ብሪታኒያዊ ቀዶ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠሩ ነበር። እግራቸው ያበጠ ገበሬዎችንም ያያሉ። ዝሆኔ በብዙ አገር የሚመጣው ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ነው፤ የእኛ ደገኞች ግን ትሉ የለባቸውም። ፕራይስ በ1970ዎቹ በሽታው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከሚሄድ ሰው ጋር እንደሚያያዝ ተከታትለው አሳዩ፤ ከሕመምተኞቹ ብሽሽት በተወሰደ ንፍፊት ውስጥም የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች አገኙ። ዛሬ ፖዶኮኒዮሲስ የምንለው ይህ ነው፤ መከላከያው ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ነው። ባንድ አፈር ላይ እያረሱ አንዱ ታሞ ጎረቤቱ ለምን ይተርፋል ለሚለው ደግሞ በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት የመልሱን ክፍል ሰጥቷል፤ ናሙናው ከወላይታ ሰዎች የተወሰደ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚወለደው እግሩን በእጁ ይዞ ካየው ሰው ዘንድ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። በአሜሪካ ሁለቱን ትምህርት ባንድነት የሚሰጥ መርሐ ግብር አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ1964 መደገፍ የጀመረው ነው፤ ስምንት ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ መተዳደሪያም ይሰጣል። ነገር ግን በመንግሥት ገንዘብ የሚያዘው ቦታ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። እዚያ ላደገ የአጎትሽ ልጅ ይሆነዋል፤ እዚህ ሕክምና ለምትማሪው ላንቺ ግን በሩ ያ አይደለም። እኛ ዘንድ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የተለመደ ነው።

የትኛው ይቅደም ካልሽኝ፣ ስፔሻሊቲው ይቅደም እላለሁ። ሦስት አራት ዓመት አንድ ዓይነት ሕመም ደጋግመሽ ስታዪ ነው መጽሐፉ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚገባሽ። ወደ ፒ.ኤች.ዲ. ስትገቢ ደግሞ ክሊኒክሽን ሙሉ በሙሉ አትልቀቂ፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ሕመምተኛ እዪ፣ እጅሽ እንዳይረሳ። አማካሪ ስትመርጪ የስሙን ዝና ትተሽ ተማሪዎቹን ጠይቂ፤ በስንት ዓመት ጨረሱ? ጽሑፋቸው ላይ የማን ስም ቀደመ? ስታቲስቲክስን ለባለሙያ እሰጠዋለሁ ብለሽ አትዝለዪው፤ በማታነቢው ሠንጠረዥ ላይ ስምሽን አታስፍሪ።

ገንዘቡን አልደብቅሽም። አብራሽ የተመረቀችው ጓደኛሽ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ስትሠራ አንቺ በሠላሳዎቹ ዕድሜሽ ገና ተማሪ ነሽ። ይህን ለቤተሰብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ትዳር ካሰብሽም ያ ሰው ዛሬውኑ ይወቀው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሁለቱ ሙያ ጠባይ አለመግጠሙ ነው። ሌሊት ተረኛ የሆነች ሐኪም ግማሽ ማስረጃ ይዛ መወሰን አለባት፤ ተመራማሪዋ በግማሽ ማስረጃ ከወሰነች አጠፋች። ሐኪሟ ላንድ ሰው ትቆማለች፤ ተመራማሪዋ ገና ላልታመሙት ጭምር ታስባለች። የትኛዋን ሆነሽ እንደቆምሽ የረሳሽ ቀን የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልንገርሽ። በአለርት ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ኢንስቲትዩት የአርማወር ሐንሰንን ስም ይዟል። እኚህ ኖርዌያዊ ሐኪም በ1873 በርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኙ ናቸው፤ ያኔ ብዙ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታው በዘር ይወረሳል ይሉ ነበር። ሐንሰን ግን ተላላፊነቱን ማስረዳት አቃታቸው፤ ባክቴሪያው በቤተ ሙከራ አልበቅል አለ፣ ዛሬም በሰው ሠራሽ ምግብ አይበቅልም። በ1879 ከሌላ ታማሚ የወሰዱትን ናሙና፣ ሌላ ዓይነት ሥጋ ደዌ በነበረባት ሴት ዓይን ውስጥ ፈቃዷን ሳይጠይቁ አስገቡ። ሴትየዋ ዝም አላለችም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ከሆስፒታሉ ሐኪምነታቸው ተሻሩ። ስለ ባክቴሪያው እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር፤ እውነቱ ግን ያን ድርጊት አላጸደቀላቸውም።

እኛ አገር ደግሞ ሕመምተኛው ሐኪሙን እምቢ ማለት ያፍራል። ከገጠር የመጡ እናት «እሺ ዶክተር፣ እርስዎ ካሉ» ሲሉሽ ፈቃድ ሰጡሽ ማለት አይደለም፤ ይሉኝታ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያንቺን ሕመምተኛ ስለ ጥናቱ አንቺ አትጠይቂ፤ ሌላ ሰው በሚገባቸው ቋንቋ ያስረዳ፣ ለቤተሰብ የሚያማክሩበት ጊዜም ይሰጥ። እምቢ ካሉሽ በማግስቱ ራውንድ ላይ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለሽ ሰላም በያቸው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚያየው ቅጹን ነው፤ ይህን የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ።

ገና ሁለት ዓመት ይቀርሻል፤ አትቸኩዪ። ለጊዜው ከዋርድ ስትወጪ መጽሐፉም አስተማሪሽም ያልመለሱልሽን ጥያቄ ደብተር ላይ አስፍሪ። ዓመቱ ሲያልቅ መልሰሽ አንብቢው። አብዛኛው ካለማንበብ የመጣ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ እሱን አንብበሽ ሰርዢው። ከጥያቄዎቹ መካከል አልሰረዝ ብሎ የቀረ ካለ ባንድ ገጽ ጽፈሽ አምጪልኝ፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ አነብልሻለሁ።