ድንኳን ከመትከላችን በፊት እንቁጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የጊሎን ወንዝ ተከትለን በድንኳን ሁለት ሌሊት ለማደር፣ የእግዚአብሔርን ሥራ እያየን ስሙን ለማመስገን ያሰብነው ጉዞ የሁላችንንም ልብ አነሣሥቷል። ከትምህርት በኋላ የምንጨዋወተው ሁሉ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ከበሮውና ስለ ስንቁ ሆኗል። ደስታው የተገባ ነው። ከደስታው ጋር ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል። እንዲህ ያለው ጉዞ መንፈሳዊ የሚሆነው መቼ ነው? ወንዙ ዳር ደርሰን መዝሙር ስንጀምር ነውን? ወይስ ዛሬ በአዳራሻችን ተቀምጠን ቀን ስንቆርጥና ስም ስንመዘግብ? ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ስላለ አብረን እንመልከት።

በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 8 ላይ በወንዝ ዳር ስለ ሰፈሩ ሰዎች ተጽፏል። ካህኑና ጸሐፊው ዕዝራ በንጉሡ በአርጤክስስ 7ኛ ዓመት ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሰውን ሕዝብ በአኅዋ ወንዝ ዳር ሰበሰበ፤ በዚያም ሦስት ቀን ሰፈሩ። ከፊታቸው የሚጠብቃቸው መንገድ አራት ወር የሚፈጅ ነበር። ይሁን እንጂ ዕዝራ ለመሄድ አልቸኮለም። ሕዝቡን ተመለከተ፤ የመጡትን ብቻ ሳይሆን ያልመጡትንም አስተዋለ። ከሌዊ ልጆች አንድ እንኳ አለመኖሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ካህናቱም አሉ፤ ወርቁና ብሩም ተዘጋጅቷል። ሌላ መሪ ቢሆን ኖሮ «ያልመጣ የራሱ ጉዳይ ነው» ብሎ መንገድ በጀመረ ነበር። ዕዝራ ግን መልእክተኞች ልኮ 38 ሌዋውያንና 220 የቤተ መቅደስ አገልጋዮች እንዲመጡ አደረገ። ከዚያ በኋላ ጾም አወጀ፤ ስለ ራሳቸው፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ንብረታቸው የቀና መንገድ ለመኑ። ቀጥሎም ብሩንና ወርቁን መዝኖ አስረከበ፤ ኢየሩሳሌም በደረሱ ጊዜም ሁሉ እንደገና ተመዝኖ ተጻፈ። እንግዲህ ሰው መቁጠር፣ መጾምና ንብረት መመዘን ሦስቱም በአንድ ወንዝ ዳር የተፈጸሙ የእምነት ሥራዎች ናቸው። ጾሙ የእግዚአብሔር፣ ቆጠራው የዓለም ተብለው አልተለዩም።

በወንዝ ዳር መስፈር ለቤተ ክርስቲያናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ድንኳን ተተክሎ ካህናቱና ምእመናኑ በዚያ ያድራሉ። ዕለቱ ከተራ መባሉ እንኳ ውኃ ከመከተር፣ ማለትም ወራጁን ከመገደብ የመጣ ነው። ይህ በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ዝማሬው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ከዓመት ዓመት ስለሚደክምበትም ነው። ከእኛ መካከል ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ ድንኳን የሚወጥር፣ ሌሊቱን የሚጠብቅ፣ ሲነጋም ሥፍራውን የሚያጸዳ አለ። የሌሊቱ ውበት የቆመው በእነዚህ ሰዎች ድካም ላይ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዞ እንመለስ። የመጀመሪያው ሥራችን ቀን መቁረጥ ነው። የምንኖረው በቡና አገር ነው። በቴፒም ሆነ በበበቃ፣ በየገበሬውም ጓሮ፣ ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ብዙ ቤተሰብ የዓመቱን ልብስና የትምህርት ወጪ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ስለሆነ አንድ ቀን የቀረ ሰው የአንድ ቀን እንጀራውን ያጣል። ስለዚህ ጉዞውን በጥቅምት ወይም በኅዳር ብናደርገው ስም ሳንጠራ ድኾቹን ወንድሞቻችንን ከዝርዝሩ እንደ ሰረዝናቸው ይቆጠራል። ማንም «አትምጡ» አላላቸውም፤ ቀኑ ግን ብሏቸዋል። ከጥምቀት በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ ለቀማው ሲያበቃና ተማሪው የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲያገኝ ቢሆን ግን የሚቀረው ሰው ጥቂት ይሆናል። ወራቱም ከሌሎቹ ይልቅ ዝናቡ የሚቀንስበት ነው።

ሁለተኛው መዋጮ ነው። መዋጮውን መክፈል ያቃተው ወጣት «አልቻልሁም» ብሎ አይናገርም፤ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ይቀራል። ስለሆነም ገንዘብ ያዡ ብቻ በሚያውቀው መንገድ የሚችለው አብልጦ ቢሰጥ፣ የማይችለው በጉልበቱ ወይም ከቤቱ በሚያመጣው ቆጮ፣ ጎደሬና በሶ ቢሳተፍ፣ በወንዙ ዳር ከአንድ ማዕድ ስንበላ ማን ስንት እንዳዋጣ አይታወቅም።

ሦስተኛው የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው። ብዙ ወላጆች ሴት ልጃቸው ከቤት ውጭ እንድታድር አይፈቅዱም፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። በ2013 ዓ.ም. በጉራፈርዳ ንጹሐን ሰዎች የተገደሉበት ኀዘን ገና ከብዙ ቤት አልወጣም። ስለዚህ እናቶችንና አባቶችን በየቤታቸው ሄደን እናነጋግር። የሴቶቹ ድንኳን ለብቻው መሆኑን፣ ታላላቅ እናቶችና ካህን አብረው እንደሚያድሩ፣ የት እንደምንሰፍርና መቼ እንደምንመለስ በዝርዝር እንንገራቸው። የዘጠና ዘጠኙን በጎች ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እረኛው አንዱ መጥፋቱን ያወቀው ስለ ቆጠረ መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

አንዳንዶቻችን «እግዚአብሔር ካለ ጥበቃና የፈቃድ ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?» እንል ይሆናል። ዕዝራ ወታደር ለመለመን እንዳፈረ እውነት ነው፤ የአምላኩን ረድኤት በንጉሡ ፊት መስክሮ ነበርና። ነህምያ ግን በዚያው መንገድ ሲሄድ የንጉሥ ደብዳቤ ይዞ፣ የጦር አለቆችና ፈረሰኞች አጅበውት ነበር (ነህ. 2፥7-9)። ሁለቱም የእግዚአብሔር ሰዎች ናቸው። ዕዝራም ቢሆን ጠባቂ ስላልወሰደ ዝግጅቱን አላቃለለም፤ ይልቁንም አጥብቆ ጾመ፣ አጥብቆ ቆጠረ። ስለዚህ ለቀበሌው ማስታወቅና አገሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ማማከር እምነት ማጉደል አይደለም።

ወንዙም ራሱ አክብሮት ይፈልጋል። እኛ ባለንበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በላይኛው አገር የዘነበው ዝናብ ወንዙን በድንገት ሊሞላው ስለሚችል ድንኳን ከዳርቻው ራቅ ብሎ ከፍ ባለ መሬት ላይ ይተከላል። ዝግ ብሎ በሚሄድ ውኃ ውስጥ ቢልሃርዝያ፣ ወንዙ ወደ ቆላ በወረደ መጠንም አዞ ሊኖር ይችላል። ስለሆነም ሽማግሌዎቹ ካላሳዩን ቦታ አንገባም፤ ማንም ብቻውን አይዋኝም። የመጠጥ ውኃ ይፈላል፤ የወባ አገር ነውና አጎበር ይያዛል። ይህን ሁሉ ችላ ብሎ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ማለት አምላክን መፈታተን ይሆናል።

ደግሞም የምንሄድበት ዱር ባለቤት የሌለው አይምሰለን። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የመዠንግር ደን በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብለው ተመዝግበዋል። ከዚያም በፊት ግን ሸኮው፣ ቤንቹ፣ ሸካውና መዠንግሩ ይህን ደን ሲጠብቁት ኖረዋል። በዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ ባለቤት አለው፤ በጥላው ሥር የበቀለው ቡናም ለቃሚ አለው። ለማገዶ የወደቀ ደረቅ እንጨት ይበቃል፤ እርጥብ ዛፍ አንነካም። በእንግድነት በሄድንበት ቤት እንደምንቀመጥ እንቀመጥ።

ጊሎ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ በታታ ሐይቅ አልፎ በድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ይገናኛል። ፒቦርና ባሮ ተጋጥመው ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይም ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። እንግዲህ እኛ በሳሙና ያቆሸሽነውን ውኃ ከበታች ያለች እናት ትቀዳዋለች፤ የጣልነውንም ፌስታል ወንዙ ወደ ሌላ ሰው ደጅ ያደርስልናል። ጌታችን አምስት ገበያ ሕዝብ ካበላ በኋላ ቍርስራሹን እንኳ ያስሰበሰበ አምላክ ነው (ዮሐ. 6፥12)። አምስት እንጀራን ማብዛት የሚችል ጌታ ፍርፋሪ እንዲባክን ካልወደደ፣ እኛ ሥፍራውን ሳናጸዳ ብንነሣ ምን ምክንያት ይኖረናል?

ወንድሞችና እኅቶች! በዚህ ጉዞ ቆንጆ ነገር እንደምናይ አንጠራጠርም። የውኃውን ድምፅ፣ የጉሬዛውን ዝላይ፣ የማለዳውን ጉም እናያለን። ይሁን እንጂ ወንዙ ያለ እኛም ይፈስሳል፤ ጉሬዛውም ያለ እኛ ይዘልላል። እኛ ብቻ ልንሠራው የምንችለው አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም አንዱ ሌላውን መጠየቅ ነው። ስለሆነም በሚመጣው እሑድ የመዝገቡን ስም ስናነብ የተመዘገቡትን አንብበን አንጨርስ። ከዚያ ቀጥሎ ያልተመዘገቡትን እናንብብ፤ ለእያንዳንዱም ስም ሁለት ሁለት ሰዎች እንመድብ፤ ቤቱ ሄደን ለምን እንደ ቀረ በፍቅር እንጠይቀው። ዕዝራ የላካቸው ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ እኛም አንመለስም።

ጉዞአችንን እርሱ ያቅናልን፤ ሄደን በሰላም ለመመለስ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።