ቁልቁለቱ አያታልላችሁ

ልጆቼ፣ ቅዳሜ ማታ ተደዋውላችሁ እሁድ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወደ ወንጪ ሐይቅ ትነሣላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። «ሲመቸኝ እሄዳለሁ» እያለ ጉልበቱ ያለቀበት ስንት ሰው አለ! ድንገት ተነሣችሁ ብዬ አልቆጣችሁም። ብቻ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና መታጠቂያችሁን ከመንገዱ በፊት አጥብቁት።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የተራራው ከፍታ 3,386 ሜትር ነው። ሐይቁ ግን እሳተ ገሞራ በቦረቦረው የተራራው ሆድ ውስጥ ተኝቷል፤ እናም መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላው ተራራ ጠዋት ያደክማል፣ ማታ በቁልቁለት ይሸኛል። ወንጪ ጠዋት በትኩስ ጉልበት እየሳቃችሁ ያወርዳችኋል፤ ዳገቱን የሚያቆየው እግር ለዛለበት፣ ውሃው ላለቀበት ሰዓት ነው። ሲወርድ ጎበዝ ያልሆነ ማን አለ? በእንሰቱ መካከል እየዘለለ የወረደው ጎረምሳ ሲመለስ ጉልበቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ቁጭ ሲል ይታያል። አዲስ አበባም ደጋ ናት ብላችሁ አትመኩ፤ ወንጪ ከእሷም በላይ ነው፣ አየሩ ይሳሳል። ለበዓል ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ ደግሞ እርምጃችሁ በእሱ ልክ ይሁን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

የምትይዙት ብዙ አይደለም። ሶሉ ያላለቀ ጫማ፣ ውሃ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ለጭጋጉና ለብርዱ ሹራብ ይበቃል። በክረምት ከሆነ ጭቃው እንደ ሳሙና ያንሸራትታልና ለከተማ አስፋልት የተሠራውን ነጭ ጫማ ቤት ተዉት።

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ነውና ከአካባቢው ሰው መንገድ መሪ ያዙ። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ የተባለችው በሐይቁ ውበት ብቻ አይመስለኝም፤ ሕዝቡም እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ለመመለሻው ፈረስ ስትከራዩ ዋጋውን ሳትወጡ ተስማሙ፤ ኮርቻውንና ግላሱን አስነሥታችሁ ጀርባውን እዩ። ቆስሎ ከሆነ ሌላ ያምጡላችሁ፤ ያንን ፈረስ ግን ዋጋው ረከሰ ብላችሁ እንኳ አትውጡበት።

ከታች ስትደርሱ ሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ፤ በጀልባ ይሻገሩታል። ገዳም ነውና ድምፃችሁን ዝቅ፣ ልብሳችሁን ረዘም አድርጉ። ሐይቁ ጥልቅና ቀዝቃዛ ነው፤ «ዋና እችላለሁ» ብሎ ልብሱን የሚያወልቅ ከመካከላችሁ አይጠፋም። ያዙት። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው አባባል ለውሃ አይሠራም፤ ውሃ መክሮ አይመልስም።

አንዱ ደግሞ «ደንዲ እኮ ቅርብ ነው፣ ደርሰን እንምጣ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሩቅ አይደለም፤ በጠባብ ውሃ የተያያዙ ሁለት ሐይቆች ናቸው፣ ያምራሉም። ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም»። ደንዲን ለሌላ እሁድ አቆዩት።

ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጭጋጉ ግን እሷን አይጠብቅም። ከመካከላችሁ አንድ ሰዓት ጠባቂ ምረጡ፣ ቃሉንም አክብሩ። ስምንት ሰዓት ሲል ፎቶውም ጨዋታውም ይቁምና ዳገቱን ጀምሩ፤ በጣም የደከመውንም ከፊት አስቀድሙት።